ሰሌዳው እስኪመጣ ሕፃኑ አይጠብቅም



«ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ይማራል» የምትለዋን አነጋገር በየድንኳኑና በየራኩባው ስንሰማት ከርመናል። አሁን ግን ዝም ብለን ልናልፋት አልቻልንም። ትምህርት ቤቱ ይከፈታል፤ ይዘጋል። መምህሩ ይመጣል፤ አበሉ ሲቋረጥ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር መንገዱን ይውጠዋል፤ ጥቅምትና ኅዳር ሲመጣ ልጁ ሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል። ዕድሜ ግን አይዘጋም፤ አይቋረጥምም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ተከዜን የተሻገረው ሕፃን ዛሬ ፊደል የሚቆጥርበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። እሱን «ጠብቅ» የሚለው ማነው?

«ይህ ኑሮ ጊዜያዊ ነው» የሚሉም አሉ። ጊዜያዊ የሚለውን ቃል ይህ ምድር ጠንቅቆ ያውቀዋል። ኡም ራኩባ በ1977ቱ ድርቅና ጦርነት ዘመን ወገኖቻችን የሰፈሩበት ቦታ ነበር፤ ኋላ ተዘጋ፤ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት በራሷ በሱዳን ላይ ሲነሣ፣ ከካርቱም የሸሸው ሕዝብ በገዳሪፍ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለለ፤ የባለ አገሩም ልጅ ከክፍሉ ወጣ። ባለ አገሩ ያጣውን ክፍል ስደተኛው እጁን አጣጥፎ ቢጠብቅ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከማለት በምን ይለያል?

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። የስደተኛ ልጅ የመጀመሪያ ክፍል ቤቱ ነው።

ይህን ስንል አስቀድመን ግለ ሂስ ማድረግ ይገባናል። እኛ ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ስንወጣ ያለ ጥቁር ሰሌዳ፣ ያለ ጠመኔና ያለ ደወል ትምህርት የለም ብለን ነው የወጣነው። እዚህም ክፍል ከፍተን ነበር፤ የምትከፈለን ጥቂት ገንዘብ ስትቆም እኛም ቆምን። ልጆቹ ሳምንት ሙሉ እየመጡ በሩ ላይ ሲቀመጡ እያየን አልፈናቸዋል። ከሦስተኛ ክፍል ያልዘለለች አንዲት እናት ግን ልጇን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣ፣ በዘይት ካርቶን ላይ በከሰል እየጻፈች ታስተምራት ኖሯል። ባለፈው ጊዜ ይህችን ጽሑፋችንን ልጅቱ በጣቷ እየጠቆመች ስታነባት አገኘናት። አፈርን። ይህንንም የምንጽፈው ከዚያ እፍረት ተነሥተን ነው።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ፊደላችን 33 ነው፤ እያንዳንዱ 7 መልክ አለው፤ በጠቅላላው 231 ይሆናል። በአንድ ምሽት አንድ ረድፍ፣ ማለት ከሀ እስከ ሆ ቢያዝ፣ 33 ምሽት ይበቃል። ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ አንድ ረድፍ ይቆጠራል። ደብተር ከሌለ አመድ ላይ በጣት ይጻፋል። አንድ ነገር ብቻ እንጠንቀቅ፤ ልጅ በዜማ ይሸመድድና ፊደሉን ሳይለይ ይቀራል። አባቶቻችን ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን ያስቆጠሩት ቅደም ተከተሉን አናግቶ ዓይኑን ለማንቃት ነው። እናንተም ከታች ወደ ላይ፣ ከመሐል ወደ ዳር ጠይቁት።

ሒሳብም ከቤት አይጠፋም። ራሽን ሲመጣ ማሽላው ስንት ኪሎ ነው፣ ለስንት ነፍስ፣ ለስንት ቀን? ይህ ማካፈል ነው፤ ልጁ ይሥራው። ተረትና እንቆቅልሽ ደግሞ የቋንቋ ትምህርት ነው። ልጅ በታጨቀበት ክፍል «አልገባኝም» ለማለት የሚፈራው ሕፃን፣ በእናቱ ጉልበት አጠገብ አሥር ጊዜ ቢጠይቅ ማን ይስቅበታል?

«እኔ ራሴ ማይም ነኝ፤ ምን ላስተምር?» ለምትሉን መልስ አለን። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር «የተማረ ያስተምር፤ ያልተማረ ይማር» ተብሎ ነበር። ያንን መንግሥት የወደደም የጠላም ይህን አይክድም፤ ሽማግሌውና አሮጊቷ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል። ታላቁ ታናሹን ያስተምር፤ እናትም አብራ ትቁጠር።

«አማርኛውና ትግርኛው ምን ይረባዋል? ዐረብኛና እንግሊዝኛ ይማር እንጂ» ለሚሉም እንዲህ እንላለን፦ ይማር! ነገር ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ የቻለ ልጅ ለሁለተኛው ቋንቋ መሠረት አለው። ደግሞም አማርኛው ትግርኛው የሚጻፈው በአንድ ፊደል ነው። ከየትም አቅጣጫ ብንመጣ ይህ ሥራ አያጣላንም።

ሌላውም ዓለም ይህን መንገድ ሄዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1988 በፍልስጤማውያን አመፅ ጊዜ፣ የእስራኤል ጦር የዌስት ባንክን ትምህርት ቤቶች ሲዘጋ፣ መምህራኑ ልጆቹን በየቤቱ ሰብስበው አስተማሩ። በአፍጋኒስታንም ታሊባን ከ1996 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በገዛበት ጊዜ ሴት ልጆች በየሰው ቤት ተደብቀው ተምረዋል። እነዚያ ተከልክለው አስተማሩ። እኛን በምድጃችን ዙሪያ ፊደል እንዳናስቆጥር የከለከለን ማነው? ከራሳችን በቀር ማንም!

በቃላችን ግን ማንም እንዳይነግድበት። «ቤት ትማራለች» እያሉ ሴት ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ውኃ ማስቀዳት፣ ወንዱንም ለአጨዳ መስደድ የቤት ትምህርት አይደለም፤ ልጅን መበደል ነው። ቤት ትምህርት ቤትን አይተካም። በሩ በተከፈተ ቀን ሁሉም ይግባ፤ በቤቱ የተማረው ባዶ እጁን አይገባም። ትምህርት ቤት እንዲከፈትልን መጠየቃችንንም አናቆምም። በሩ እስኪከፈት ግን ቁጭ ብለን አንጠብቅም።

የእኛ የመምህራኑ ድርሻ ይህ ነው። በሚቀጥለው እትም የመጨረሻ ገጽ ላይ ሙሉውን የፊደል ገበታ በትልቁ እንጽፋለን፤ ቀድታችሁ በየቤታችሁ ስቀሉት። ማታ ማታም በየረድፉ እየዞርን የከበዳችሁን እናግዛለን። አበል አንጠይቅም፤ ቡናው ከደረሰ ግን አንድ ስኒ አንጠላም።

ዛሬ ማታ ሀ በሉ። በሠላሳ ሦስተኛው ምሽት ፐ ላይ እንገናኝ።

የካምፑ መምህራን