ጥያቄ ለልጅ መቼ ይፈቀዳል?

ቢቸና አቅራቢያ በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሞጣ ዙሪያ፣ ዳዊት ደግሞ ቅኔ ቤት የገባ ልጅ የራሱን ሐሳብ ከማውጣት ማምለጫ የለውም። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲወጣ በየደረጃው አዲስ ቅኔ መቁጠር አለበት፤ የሰው ይዞ የቀረበ ያፍራል። ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ የኔታ ያቃኑታል።

ስለዚህ «ሕፃናትን ፍልስፍና ማስተማር ለእኛ ምን አዲስ ነገር አለው?» የሚሉ ወገኖች ክርክራቸው ውኃ የሚያነሣ ነው። የሐተታው ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብም ከመመራመሩ በፊት አራት ዓመት ሰዋስውና ቅኔ እንደተማረ ይተርካል። (መጽሐፉን የጻፈው ማን እንደሆነ ክርክሩ አልበረደም። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ደራሲው ካፑቺኑ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማሩት ኢየሱሳዊው ቄስ ክላውድ ሰምነር ደግሞ ለዘርዓ ያዕቆብ ተሟገቱ። ተጠርጣሪውም ጠበቃውም ካቶሊክ!)

ሌላው ወገን አሜሪካዊውን ፈላስፋ ማቲው ሊፕማንን ይጠራል። በእሱ ዘዴ ልጆች ክብ ሠርተው ታሪክ ያነብባሉ፣ የሚወያዩበትን ጥያቄ ራሳቸው ይመርጣሉ፤ መምህሩም የተዘጋጀ መልስ አይሰጥም። ቅኔ ቤት ግን እምነቱን ራሱን ለክርክር አያቀርብም። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ውስጥ፣ የዲማን ሥርዓት የጠየቀውን ምሁር አገሬው «ጉዱ ካሳ» ብሎ ነው የገላገለው።

የሊፕማንን ዘዴ ልሞክር ቢል የካቶሊክ ትምህርት ቤትም ሥጋቱ ይኸው ነው፦ ልጁ ከ«ለምን» ጀምሮ የት ያቆማል? እኔ ሥጋቱ የተጋነነ ይመስለኛል። የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኵናስ እያንዳንዱን ጉዳይ የጀመረው የተቃዋሚን ሐሳብ በማስቀደም ነው። የእኛም አንድምታ የተለያየ ትርጓሜ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ችግሩ ተማሪው እዚያ የሚደርሰው ቅኔውን ጨርሶ፣ ጎልምሶ መሆኑ ነው። ዘመናዊውም ትምህርት ቢሆን ሎጂክን ለዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ነው ያቆየው። አንድምታን ወደ ሁለተኛ ክፍል ማውረድ የሚከብድ አይመስለኝም፦ አንድ ተረት፣ ሁለት ትርጉም፣ ለየትርጉሙም ምክንያት።

የቅኔ መምህራን መልስ ግን በቀላሉ አይታለፍም፦ ቃል ያልሞላለት ልጅ በምን ይከራከራል? ወላጅም አለ። ልጁን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የሚያስገባው ለሥርዓትና ለእንግሊዝኛ ነው፤ ማታ እራት ላይ ተሟጋች ይዞ ለመቀመጥ አይደለም። ይህን ወላጅ ሳያማክር ክቡን የሚሠራ መምህር ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም።