ለመንግሥት ያበደርነው ገንዘብ

ባለፈው ሰሞን ሞጆ ወርጄ ነበር። ደረቅ ወደቡ አጠገብ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ከአንድ ትራንዚተር ወዳጄ ጋር ቁጭ ብለን ሳለ መለዋወጫ አስመጪ የሆነ ደንበኛው መጣና ተቀላቀለን። «ሥራ እንዴት ነው?» ብለው ሳቀ።

«እኔ እኮ ባንክ ሆኛለሁ። ለመንግሥት አበድራለሁ።»

«ወለዱስ?»

«አይ አንተ! ወለዱ ቀርቶ ዋናው በተመለሰ!»

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ቀልድ አይደለም። እስቲ አብረን እንደምረው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለንግድ ከሚገባ ዕቃ ላይ 3 በመቶ በቅድሚያ እንዲያዝ ደነገገ። የሚሰላው በትርፍ ላይ ሳይሆን በዕቃው ዋጋ፣ በመድኅኑና በማጓጓዣው ድምር ላይ ነው። በዚህ ስሌት የ10 ሚሊዮን ብር ዕቃ ያስገባ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ዕቃው ገና ከወደቡ ሳይወጣ 300 ሺሕ ብር ይከፍላል። እስከ 2017 ዓ.ም. በነበረው ሕግ ዓመቱን 600 ሺሕ ብር ቢያተርፍ ግብሩ በ30 በመቶ 180 ሺሕ ነበር። 120 ሺሕ ብር በብልጫ ከፈለ ማለት ነው። በዚያ ሕግ ያ 3 በመቶ ልክ ይመጣ የነበረው ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ 10 በመቶ ሲያተርፍ ብቻ ነበር።

ሕጉ ይህን ሳያስብበት አልቀረም። በዚያው ዓመት የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983፣ ብልጫው መጀመሪያ ሌላ የታክስ ዕዳ ካለ ይቻቻልበት፣ የቀረው ግብር ከፋዩ ካስታወቀ በ90 ቀን ውስጥ ይመለስ አለ። ካልተመለሰስ? ከ90ኛው ቀን በኋላ ላለው ጊዜ በከፍተኛው የባንክ ማበደሪያ ተመን ወለድ ይታሰብለት አለ። እሰየው ነው!

ግን ቆይ። ግብር ከፋዩ ራሱ ሲዘገይስ? ያው ከፍተኛ የማበደሪያ ወለድ፣ 15 በመቶ ታክሎበት። ለምን? የኔ 100 ብር ከመንግሥት 100 ብር ታንሳለች እንዴ? በአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው 45 ቀን ካለፈው ለግለሰብ የሚከፍለው ወለድና ከግለሰቡ የሚጠይቀው ወለድ ተመኑ አንድ ነው።

መዘግየት ደግሞ ዋጋ አለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያ 120 ሺሕ ብር ከዚያ በፊት ተመልሶ ቢሆን 2 ሺሕ ዶላር ግድም ያወጣ ነበር፤ በኋላ ግን 1 ሺሕ 200 እንኳ አይሞላም። የሚቀጥለው ኮንቴይነር የሚመጣው በዚህ ገንዘብ ነው።

«ሐሰተኛ ሰነድ የሚያቀርብ ሞልቷል፣ ሳይመረመር አይመለስም» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ይመርመር። 90 ቀኑ የተሰጠው ለዚሁ አይደል? ምርመራው ሲረዝም ግን የመርማሪው መዘግየት በነጋዴው ኪስ መታሰብ የለበትም።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። የወለዱ ተመን ለሁለቱም ወገን አንድ ይሁን። 91ኛው ቀን ሲጠባ ወለዱ ያለ ደጅ ጥናት በራሱ ይቆጠር። በየዓመቱ ብልጫ የሚከፍለው ደግሞ ወደቡ ላይ የሚያዝበት ይቀነስለት።

ሰዓቱን አክብር የተባለ ነጋዴ፣ ሰዓቱን የሚያከብር መንግሥት ቢጠብቅ ምኑ ነውር ነው? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ቸር ያሰማን።