የጅቡቲ ወደብ የጭነት መጨናነቅን አስመልክቶ ከደረቅ ጭነት አጓጓዦች ማኅበር የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በጅቡቲ መስመር የምንሠራ የደረቅ ጭነት አጓጓዦች ማኅበር አባላት በጠቅላላ ጉባኤያችን ተወያይተን ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል።

በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ የአሰብ ወደብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ወደቡም ባለበት አልቆመም። በ2001 ዓ.ም. የዶራሌ ኮንቴነር ተርሚናል፣ በ2009 ዓ.ም. የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ሥራ ጀምረዋል። እንዲህም ሆኖ ጭነት በዘገየ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በእኛ ላይ ነው፤ ሰበቡ ሁልጊዜ የመኪና እጥረት ነው። ይህን አንቀበልም።

የማዳበሪያን ጭነት እንመልከት። 60,000 ቶን ብትን ማዳበሪያ የያዘ መርከብ ሲደርስ ጭነቱ እዚያው ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ከረጢት ይታሸጋል። 400 ኩንታል የሚጭን ባለተሳቢ 800 ከረጢት ይወስዳል፤ ለአንድ መርከብ ብቻ 1,500 ምልልስ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሁለት መርከብ ተከታትሎ ሲገባ፣ በላዩ የስንዴ መርከብ ሲጨመር፣ ያለው መኪና ሁሉ በአንድ ሳምንት ይጠራል። ከዚያ በኋላ ያው መኪና ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ማሸጊያው በቀን ከሚያወጣው በላይ መኪና ቢላክ ደግሞ የሚረዝመው ሰልፉ ነው። መርከቡ ለቆመበት የሚከፈለው ዲመሬጅ በዶላር ይቆጠራል፤ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በገበሬው ላይ ነው።

በሰኔና በሐምሌ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሹፌሩና ረዳቱ ከተሳቢው ሥር አንጥፈው ተራ ይጠብቃሉ፤ የሚጠጡትን ውሃ ገዝተው፣ መጸዳጃ ፈልገው። በኩንታል የሚሰላ ታሪፍ ተራ ሲጠበቅ ለሚያልፈው ቀን አንድ ብር አያስብም። ይህ ከሁሉ በላይ ያሳዝነናል።

በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረውን የኤሌክትሪክ ባቡር አንቃወምም፤ ወደ ሞጆ የሚሄደው ኮንቴነር በባቡር ቢጓዝ ይሻላል እንላለን። ሐዲዱ ግን ጎንደርም ጅማም አይደርስም። ማዳበሪያውን የሚጠብቀው ገበሬ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ስለሆነም የመርከቦች መድረሻ ቀን ከግዢው ጀምሮ ተቀናጅቶ ለአጓጓዦች አስቀድሞ እንዲነገር፣ የሚጠራው መኪና ብዛትም ከማሸጊያው የቀን አቅም ጋር እንዲመጣጠን እንጠይቃለን። ከተወሰነ ሰዓት በላይ ለቆመ መኪና የሚከፈል የማቆያ ሒሳብ በውል ይግባ። በወደቡ መግቢያ፣ በድንበር ባሉት በጋላፊና በደወሌ ጥላ፣ ውሃና መጸዳጃ ያለው መቆሚያ ይሠራ። በእኛም በኩል፣ ማዳበሪያ ትቶ የተሻለ ወደሚከፍል ጭነት የሚሄድ አባል በማኅበሩ ደንብ ይጠየቃል።

የኢትዮጵያና የጅቡቲ የሚመለከታቸው አካላት የሚቀጥለው የማዳበሪያ ወቅት ከመግባቱ በፊት ከአጓጓዥ ማኅበራት ጋር ተቀምጠው የመርከቦቹን ተራ እንዲወስኑ ጥሪ እናቀርባለን።