ጤናችን፦ የለመደ እግርና አዲስ ወለል

በ1984 እ.ኤ.አ. ብዙ ወገኖቻችን ከጎንደር ተነስተን በሌሊት ጭምር በእግር ሱዳን ገብተናል። ያን ገደልና ድንጋይ ያለፈ እግር ዛሬ እዚህ አሽቀሎን፣ በታጠበ የቤት ወለል ላይ ሲያዳልጠው እናያለን።

ሚዛናችንን የሚጠብቁልን ዓይን፣ የውስጥ ጆሮና የውስጥ እግራችን ስሜት ናቸው። በአገር ቤት መንገድ ዓይን አስቀድሞ አይቶ ለእግር ማረፊያ ይመርጥለት ነበር። እርጥብ ወለል ግን ደረቅ ይመስላል፤ ዓይን ይታለላል።

ስለዚህ ስፖንጃ ስንሠራ ወለሉ እስኪደርቅ ሽማግሌዎቻችን አረፍ ይበሉ። ማለፍ ግድ ከሆነ እርምጃን አሳጥሮ፣ መላ እግርን አሳርፎ መራመድ ነው። ከተረከዝ የሚወልቅ ነጠላ ጫማ ይቅር። ሌሊት ለሚነሱ መብራት እንተውላቸው።

ያን ጊዜ ልጆችን አዝለው ያሻገሩ እነርሱ ናቸው፤ ዛሬ እኛ ክንዳችንን እንስጣቸው።