ቤተ መጻሕፍት ይሁን፤ መጻሕፍት ቤትም ይሁን

ባለፈው ክረምት በአንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ከከተማችን ንባብ ቤቶች በአንደኛው በር ላይ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ ስላልወጣ፣ የዚህን ጽሑፍ መነሻ እርሱን አድርጌዋለሁ። አንዲት እናት፣ ዕድሜው ስድስት ዓመት ገደማ የሚሆን ልጇን በእጇ ይዛ፣ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል የጠቀለለችውን አንድ ሥዕላዊ የልጆች መጽሐፍ በብብቷ ሸጉጣ መጥታ ልትገባ ስትል፣ የበሩ ጥበቃ በትሕትና፣ ነገር ግን በቁርጥ፣ «እህቴ፣ ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ውስጥ የሚያጠኑ አሉ» አላት። እርስዋም ሳትከራከር ተመልሳ ከደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ልጁም በእግሩ ጣቶች ቆሞ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ መጥቶ ከጎንዋ ቁጭ አለ። ከዚህ በኋላ መጽሐፉን በጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ጽሕፈቱን ሳይሆን ሥዕሉን በጣቷ እየተከተለች፣ «ይኸውልህ ጅቡ እዚህ ተደብቋል፤ አህያዋ ግን አላየችውም» እያለች፣ ተረቱን ከራስዋ ልብ እያወጣች ትነግረው ጀመር። ልጁ ከሥዕሉ በታች ያለውን ጽሕፈት አመልክቶ «ይኼስ ምን ይላል?» ብሎ ሲጠይቃት፣ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እሱን አንተ ስትማር ትነግረኛለህ» አለችው።

ጥበቃው የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ በደል አልሠራም፤ በውስጥ የተቀመጡትም ወጣቶች በየቤታቸው ጸጥታና በቂ ሥፍራ ቢያጡ ደብተራቸውን ይዘው የመጡ ናቸውና፣ ያገኙትን ጸጥታ የሚነፍጋቸው ሊኖር አይገባም። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ወደ አዳራሹ ብዘልቅ፣ ከመደርደሪያ መጽሐፍ አውርዶ የሚያነብ ሰው ከሦስት ወይም ከአራት የማይበልጥ ሆኖ አገኘሁት፤ ወንበሩን ሁሉ ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች ይዘውታል፤ ጎልማሳ የለም፣ አረጋዊ የለም፣ ሕፃንማ ከደጅ ተመልሷል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፌ ለማለት የምሻው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በእውነት የሕዝብ የሚሆነው፣ ታላቅና ታናሽ በአንድነት ተቀምጠው፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየሰማ፣ አንዱ እየጠየቀ ሌላው እየመለሰ የሚውሉበት ጉባኤ በሳምንት ውስጥ ጥቂት ሰዓት እንኳ ሲኖረው ነው፤ ለዚህም ሥራ ከአዲስ አበባው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የበለጠ የተገባ ሥፍራ አላውቅም።

ይህ አሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ትምህርት የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ የራሳችንን ልሳን ያስተውል። እኛ ሁለት ስሞች አሉን፤ አንዱ «ቤተ መጻሕፍት» ነው፣ ሁለተኛውም «መጻሕፍት ቤት» ነው፤ ቃላቱ አንድ ሲሆኑ ምሥጢራቸው ግን የተለያየ ነው። ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት ተሰብስበው የሚኖሩበት ቤት ነው። መጻሕፍት ቤት ግን በቤተ ክርስቲያን የትምህርት ሥርዓት፣ ተማሪው ከንባብ ቤት ተነሥቶ፣ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ የሚደርስበት፣ ብሉያትና ሐዲሳት፣ መጽሐፈ ሊቃውንትና መጽሐፈ መነኮሳት የሚተረጐሙበት ጉባኤ ነው። በዚህ ጉባኤ መጽሐፉ አንድ፣ ሰሚው ግን ሃያ ወይም ሠላሳ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ንባቡን ይወርዳል፣ መምህሩም አንድም እያሉ ምሥጢሩን በየፊናው ይፈቱታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ሰምተውና ጠይቀው በቃላቸው ይይዙታል። ስለዚህ በአበው ዘንድ ንባብ ማለት በድምፅና በማኅበር የሚፈጸም ሥራ ነበረ፤ ብራናው በዕቃ ቤት ቢቀመጥም ሕይወት የሚያገኘው በጉባኤው መካከል ነው።

ይህም ሥርዓት የቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። በወሎ ምድር ስማቸው በታወቀ የቂርአት ቤቶች ደረሳው ኪታቡን በሼኹ ፊት እየቀራ ትርጓሜውን ሲቀበል ኖሯል፤ በአቃቂ ዙሪያ በሚኖረው የኦሮሞ ገበሬ ቤትም አያት በምድጃው አጠገብ ለልጅ ልጆቹ ኦዱ ዱሪ የተባለውን የጥንት ተረት ሲነግር፣ ልጆቹም በተራቸው ሲመልሱ፣ ያለ ብራናና ያለ ቀለም የቆመ አንድ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ነበረ። እንግዲህ ታላቁና ታናሹ በአንድ ቃል ዙሪያ መቀመጣቸው የሁላችንም ትውፊት ሆኖ ሳለ፣ ዘመናዊውን ቤተ መጻሕፍት ስንሠራ ግድግዳውንና መደርደሪያውን ይዘን ጉባኤውን ከውጭ ማስቀረታችን ሊታረም የሚገባው ነገር ነው።

የአገራችን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ሲቋቋም የተሰጠው ስም «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» የሚል ነበረ፤ ሕዝቡም የስሙን ኋለኛ ክፍል ብቻ አንሥቶ «ወመዘክር» ብሎ እስከ ዛሬ ይጠራዋል። በዚሁ ቤት አዳራሽ የመጻሕፍት ወዳጆች ተሰብስበው ስለ አንድ መጽሐፍ ሲወያዩ የሰማ ሰው፣ የመጻሕፍት ቤቱ መንፈስ ፈጽሞ እንዳልጠፋ ይመሰክራል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው፣ በአንድ ጊዜ 2000 ያህል አንባብያንን እንዲያስተናግድ የተሠራውና ከግእዝ በተወሰደ ስም «አብርሆት» የተባለው ቤተ መጻሕፍትም የዘመናችን ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከገላን ተነሥቶ፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ታክሲ እየቀያየረ፣ ሕፃን አዝሎ አራት ኪሎ የሚደርስ ሰው ብዙ አይደለም፤ ቢደርስም በየሳምንቱ ሊደርስ አይችልም። ብርሃን ከአንድ ከፍተኛ ማማ ላይ ቢበራ መልካም ነው፤ እራት የሚበላው ግን በየቤቱ ባለው መብራት ነው።

አቃቂስ ስለ ምን? ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በአቃቂ በኩል አልፎ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራው በአቃቂ ወንዝ ላይ፣ በአባ ሳሙኤል ነው። በፋሺስት ወረራ ዋዜማ የአገራችንን ድምፅ ወደ ዓለም ያሰማው የሬዲዮ ጣቢያ የተተከለው በዚሁ በአቃቂ ነው። የጨርቃ ጨርቁና የብረታ ብረቱ ፋብሪካ ሠራተኛ በፈረቃ ሌሊቱን ከቀን እያገናኘ የደከመው በዚህ ነው፤ የከተማው ሕዝብ ከሚጠጣው ውሃም ብዙው ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚቀዳ ነው። እንግዲህ ለዋና ከተማዋ መንገዱን፣ ብርሃኑን፣ ድምፁን፣ ልብሱንና ውሃውን የሰጠ ሥፍራ፣ ልጁን ይዞ የሚገባበት አንድ የመጻሕፍት ማእድ ቢለምን፣ ልመናው ከተገባው ያነሰ እንጂ የበዛ አይደለም።

ይልቁንም በዛሬው ጊዜ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። ከመሐል ከተማ ከልዩ ልዩ ሰፈር የተነሡ ሰዎች፣ በቂሊንጦ፣ በገላንና በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ገብተው፣ ከአገሬው ገበሬና ከአሮጌው የፋብሪካ ሰፈር ሕዝብ ጋር ጎረቤት ሆነዋል። በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ቤተ ሰቦች ስም ለስም ሳይተዋወቁ ዓመታት ማለፋቸው የታወቀ ነው፤ ልጆቻቸው ግን በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አንድ ተረት ቢሰሙ፣ ወላጆቻቸው ከበሩ ላይ ሲጠብቁ ይተዋወቃሉ። የመጻሕፍቱም መደርደሪያ ይህን ሕዝብ መምሰል ይገባዋል፤ የአማርኛው ተረት በተነበበ ማግስት የአፋን ኦሮሞው ተረት ሊነበብ፣ ልጁም የጎረቤቱን ቋንቋ በሳቅ መካከል ሊለምድ ይገባል።

ይህ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል በገዛ አገራችን የታየ ምስክር አለን። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ የዓለም ልጆች ሁሉ በየቋንቋቸው የሚያነቡት ሲኖራቸው የእኛ ልጆች ግን በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው አንገብግቧቸው፣ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ማኅበር አቋቁመው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ ሰፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከዚያም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ጋሪ ላይ መጻሕፍት ጭነው ልጆቹ ወዳሉበት አደረሱ። በዚህም ሥራቸው በ2008 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን የተባለው የዜና ማሠራጫ ከዓመቱ ጀግኖች መካከል ቆጠራቸው። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ቀላልነቱ ነው፤ አህያና ጋሪ በአቃቂ ገበያ ቀን የማይታይበት ሰዓት የለም።

ስለ ልጆች ይህን ካልሁ፣ ስለ አዋቂዎች ደግሞ ልጨምር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች እየተሰጠ፣ እጅግ ብዙ ሰው ፊደል አስቆጥሯል። በመንደራችን የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እናት በዚያን ጊዜ የተቀበሉትን የምስክር ወረቀት በመስተዋት ገጥመው ከግድግዳቸው ላይ ሰቅለውታል፤ ዛሬ ግን ከወረቀቱ ላይ ማንበብ የሚችሉት የገዛ ስማቸውን ብቻ ነው። ፊደሉን ያጠፋባቸው ስንፍና አይደለም፤ ከትምህርቱ በኋላ የሚያነቡት መጽሐፍ፣ የሚያነቡበት ቤት፣ አብሯቸው የሚያነብ ባልንጀራ አለማግኘታቸው ነው። ዘር ተዘርቶ ውሃ ካጣ ይደርቃል፤ ፊደልም ከጉባኤ ከተለየ እንደዚሁ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በየወረዳው ያለው ንባብ ቤት ቅዳሜ ረፋድ ሁለት ሰዓት ለሕፃናትና ለወላጆቻቸው ይስጥ፤ አንድ አንባቢ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ተረት ይንገሩ። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ40 ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ሲተርቱ፣ ቴሌቪዥን ባለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ያደግን ሰዎች፣ አንድ ተረት ነጋሪ የስንት ልጅ አባት ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የፈረቃ ሠራተኛው በሚያርፍበት ጊዜ፣ ለአዋቂዎች የንባብ ሰዓት ይኑር፤ የጀመረ ይቀጥል፣ የረሳ ያስታውስ፣ የመብራት ሒሳቡንና የኪራይ ውሉን ይዞ የመጣም የሚያስረዳው ሰው ያግኝ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ከምድር ባቡርና ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ አባቶችና እናቶች ተጋብዘው የሥራ ዘመናቸውን ታሪክ ይናገሩ፤ ወጣቶቹም ይጻፉት፤ የተጻፈውም በዚያው ቤት ለትውልድ ይቀመጥ። መዘክር፣ ማለትም መታሰቢያ፣ የሚለው ቃል ከዚህ የበለጠ ፍቺ የለውም።

የሕፃናት ጫጫታ አጥኚዎችን ይረብሻል የሚለው ተቃውሞ እውነት አለበት፤ መፍትሔውን ግን በደጃችን እናገኘዋለን። በአቃቂ እድር የሌለው መንደር የለም፤ ድንኳንና አግዳሚ የሌለው እድርም የለም። ለሐዘን የሚተከለው ድንኳን፣ ሐዘን በሌለበት ቅዳሜ በንባብ ቤቱ ግቢ ውስጥ ተተክሎ፣ አግዳሚው ለወላጆች፣ ምንጣፉ ለልጆች ቢሆን፣ አዳራሹ ለተማሪዎቹ በጸጥታ ይቀራል፤ ተረቱም በድንኳኑ ሥር እንደ ልቡ ይነገራል። በጀት የለም የሚለው ቃል በዚህ ጉዳይ አይሠራም፤ የሚፈለገው አንድ የተማረና ልጅ የሚወድ ሠራተኛ፣ ሕፃን እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት አንድ ዝቅ ያለ መደርደሪያ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ በሩን የሚከፍት አንድ የሹም ትእዛዝ ነውና።

ዩኔስኮ በ1949 እ.ኤ.አ. ባወጣውና ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ባደሰው መግለጫ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በዕድሜ ሳይለይ ለሰው ሁሉ ክፍት እንዲሆን ለዓለም አስታውቋል። እኔ ግን ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገኝን ምስክር በዚያ ደረጃ ላይ አይቻለሁ። ያች እናት መጽሐፍ ገዝታ፣ ከዝናብ ጠብቃ፣ ልጇን ይዛ እስከ በሩ ድረስ መጥታለች፤ የቀራት የአንድ ደፍ ርምጃ ነበረ። ልጇ ተምሮ እስኪነግራት ድረስ ዓመታት መጠበቅ አይገባትም፤ ከሥዕሉ በታች ያለውን ያንን አንድ መስመር፣ እናትና ልጅ በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ ቀን፣ ድምፃቸውን አስተባብረው ሊያነቡት ይገባል።