«ምን ልታይ ነው የምትሄደው?»

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። ተናድጄ ነው የጻፍኩት። ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ሁለት ቀን ጠበቅኩ፣ አልበረደም።

ቅዳሜ ምን አለሽ ተራ ሄጄ ነበር። መርካቶን ለማታውቁ፣ ምን አለሽ ተራ ሌላው ሰው የጣለው ነገር እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ቦታ ነው። የዘይት ቆርቆሮ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል፣ ያረጀ ብረት ተቃንቶ እንደገና ይሸጣል። እኔ ሰፈሩን የማውቀው በጆሮዬ ነው። መዶሻ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍና ወፍራም ብረት ላይ ሲያርፍ ድምፁ አንድ አይደለም። በዚያ ነው የቱ ጋ እንደደረስኩ የማውቀው። «ጀርባ! ጀርባ!» የሚል ተሸካሚ ከኋላዬ ሲመጣም ጥግ የሚያስይዘኝ ሰው አያስፈልገኝም፣ ራሴ እይዛለሁ።

የሄድኩት አንድ አባት ለማነጋገር ነው። ልጃቸው ተማሪዬ ነበረች። እንደኔው ዓይነ ስውር ናት። ዲግሪዋን ይዛለች፣ ኮምፒውተሯን በስክሪን ሪደር እንደ ልቧ ትጠቀማለች። አሁን ለሦስት ሳምንት ስልጠና ናይሮቢ ተጋብዛለች። የአውሮፕላን ትኬቷን፣ ማረፊያዋንና ምግቧን ጋባዦቹ ችለዋል። እስከ ሐሙስ ድረስ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለባት። አባቷ እምቢ ብለዋል። (ይህን የምጽፈው እሷን አስፈቅጄ ነው። ስም አልጠራም፣ እናንተም ኮሜንት ላይ አትጥሩ።)

አባትየው አሮጌ ጀሪካንና በርሜል ነው የሚነግዱት። ሻይ አስመጡልኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን እስቲ ይንገሩኝ፣ እሷ እዚያ ምን ልታይ ነው የምትሄደው?»

መልስ ሳልሰጥ አንድ ቆራሌው የሰበሰበውን ተሸክሞ መጣ። አባትየው ልጃቸውን ጠሩ፦ «ነይ እስቲ፣ ይቺን በርሜል ስሚልኝ።» መጣች። በጣቷ አንጓ ከላይ መታ መታ፣ መሀል ላይ መታ፣ ታች መታ አደረገች። «ከታች ተሰንጥቃለች» አለች። አባትየው ዞር ብለው እንኳን ሳያዩ ዋጋውን ቀነሱ። ቆራሌውም አልተከራከረም። ዝናዋን ያውቃል መሰለኝ።

እኔ ደግሞ ሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። እኚህ ሰው በገንዘባቸው ያመኗትን ልጅ በገዛ ጉዞዋ አላመኗትም።

«ምን ልታይ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ዕድሜ ልኬን ሰምቼዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ ስሄድ አክስቴ ጠይቃኛለች፣ ጎረቤት ጠይቆኛል፣ ፎርም የሚሞላልኝ ሰው ሳይቀር ሳቅ እያለ ጠይቆኛል። ጥያቄው ዕድሜው ረጅም ነው። ጄምስ ሆልማን የሚባል እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1786 የተወለደ። በ25 ዓመቱ ዓይነ ስውር ሆነ፣ ከዚያ ዓለምን መዞር ጀመረ። ሩሲያን አቋርጦ ሳይቤሪያ ውስጥ ኢርኩትስክ ድረስ ዘለቀ። የንጉሡ መንግሥት ምን አደረገ? ሰላይ ነው ብሎ ያዘውና ከአገር አስወጣው። እንግዲህ ፍረዱ። ግማሹ ዓለም «ምንም አያይም» ይለናል፣ ሌላው «ብዙ አይቷል» ብሎ ያስረናል።

ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ? ውጭ አገር አንድ መንገድ ዳር ቆሜ፣ የትራፊክ መብራቱ ቀስ ብሎ ቋ… ቋ… ሲል «ቁም» ማለቱ እንደሆነ፣ ሲፈጥን ደግሞ «ተሻገር» ማለቱ እንደሆነ አወቅኩ። ማንንም ሳልለምን ተሻገርኩ። ጫማዬ ሥር ሸካራ መስመር የተነጠፈበት የእግረኛ መንገድ አለ። እሱን ተከትዬ ባቡር ጣቢያ ገባሁ። ያ ንጣፍ የጃፓኑ ሴይቺ ሚያኬ ፈጠራ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠፈውም እ.ኤ.አ. በ1967 ኦካያማ ከተማ ነው። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። በእግሬ ስረግጠው ግን ሌላ ነገር ገባኝ። አንድ ከተማ የኔን መምጣት አስቀድሞ አስቦበታል ማለት ነው። ተመልሼ ስመጣ «የኛም ከተማ ለምን አታስብበትም?» ብዬ የጠየቅኩት ያንን ስለረገጥኩ ነው። ሰው ውጭ የሚሄደው ሕንፃ ለማየት ብቻ ነው ያለው ማነው?

በነገራችን ላይ አባትየውን እዚህ ላይ ልተዋቸው። የእሳቸው ፍርሃት የአባት ፍርሃት ነው፣ አከብረዋለሁ። ያናደደኝ ቀጥሎ ያሉት ነው፦ «እኔ ብቻ አይደለሁም እኮ። ትኬት ለመጠየቅ የሄድንበት ቢሮ ያለ አጃቢ መብረር አትችልም፣ ሕግ ነው ብሎናል። የአጃቢውን ትኬት ማን ይከፍላል?»

የቱ ሕግ? ቁጥሩ ስንት ነው? ልጅቷ ይህንኑ ጠይቃቸው ነበር። «አሠራራችን ነው» አሏት። ከ«ሕግ» ወደ «አሠራር» ለመውረድ አንድ ጥያቄ በቃ።

እኔ የማውቀውን ሕግ ልጻፍ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት አለው ይላል። «የሚያይ ኢትዮጵያዊ» አይልም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ጸደቀ፣ ኢትዮጵያም በ2010፣ በኛ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም.፣ ተቀበለችው። አንቀጽ 18ቱ አካል ጉዳተኞች የገዛ አገራቸውን ጨምሮ ከማንኛውም አገር ለመውጣት ነፃ ናቸው ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ ያጸደቅነው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

«ደኅንነትስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአየር መንገድ አድልዎን የሚከለክል ሕግ አላት። በደንቡ መሠረት አጃቢ ግዴታ ሊሆን የሚችለው ለጥቂት ሰዎች ነው፦ የደኅንነት መመሪያውን መረዳት ለማይችል፣ በአደጋ ጊዜ ራሱን ለማውጣት ምንም ማገዝ ለማይችል፣ መስማትም ማየትም ተስኖት ከሠራተኞቹ ጋር መግባባት ለማይችል። ማየት አለመቻል ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ናይሮቢ አሜሪካ አይደለችም፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ያን ያህል በረራ የሚያስተናግድ አገር ጉዳዩን መርምሮ ዓይነ ስውር ብቻውን ይበራል ካለ፣ የኛ ባለ ጠረጴዛ ምን መርምሮ ነው ተቃራኒውን የሚለው?

ደግሞም ሲስተሙ ራሱ ያውቀናል። አየር መንገዶች ትኬት በሚይዙበት ሲስተም ውስጥ ለዓይነ ስውር መንገደኛ የራሱ ኮድ አለ። ተቀብሎ ለሚያደርስ ሠራተኛ ሌላ ኮድ አለ። ለዊልቸር ሌላ ኮድ አለ። ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። ዓይነ ስውር ብቻውን ባይበር ኖሮ ኮዱ ለማን ተሠራ?

ስለ ዊልቸር ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ የውጭ አገር ትራንዚት ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የፈለግኩት ክንዱን የሚያውሰኝ ሰው ነበር። ዊልቸር ይዘው መጡ። «እግሬ ደህና ነው» አልኩ። «ግዴታ ነው» አሉ። ደክሞኝ ነበር፣ ተቀመጥኩ። አንድ ጥግ ወስደው አቆሙኝና ሄዱ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደ ሻንጣ ተቀመጥኩ። መጸዳጃ ቤት ለመሄድ እንኳን የምጠይቀው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ አንዱ መጣና ከኔ ጎን ለተቀመጠው የማላውቀው መንገደኛ «ወዴት ነው የሚሄደው?» አለው። እኔ እዚያው ነኝ እኮ! ስለዚህ «ውጭ አገር ሁሉ ነገር ገነት ነው» የምትሉኝ፣ አይደለም። ለመብራቱ ድምፅ የሰጠ ከተማ ኤርፖርቱ ላይ ሰውን ዕቃ ሊያደርግ ይችላል።

ከኛው ከዓይነ ስውራን መካከል የማከብራቸው ጓደኞች አሉኝ፣ በዚህ ነገር የማንስማማ። «ምን ቸገረህ፣ ቁጭ በልና ሰልፉን እለፍ፣ ትግልህን ለሌላ ቀን አቆየው» ይሉኛል። እግሩ የደከመው ይቀመጥ፣ ምርጫው የሱ ነው። ነገር ግን ሁላችንም በዝምታ በተቀመጥን ቁጥር ያ ቢሮ «ዓይነ ስውር ማለት ተገፍቶ የሚሄድ ነው» ብሎ ይለምዳል። ቀጥሎ «ታዲያ ገፊውን ይዘህ ና» ይላል። የዚህች ልጅ «አጃቢ» የመጣው ከኛ ዝምታም ጭምር ነው።

እርዳታ አያስፈልገንም እያልኩ አይደለም። እርዳታ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ የፓሪስ ፓራሊምፒክን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2024 ያየሽ ጌቴ በቲ11፣ ማለትም ፈጽሞ ለማያዩ ወይም ለዚያ ለቀረቡ ሯጮች በተመደበው 1500 ሜትር፣ በዓለም ክብረ ወሰን ወርቅ አገኘች። ስትሮጥ አጋሯ በአጭር ገመድ ከጎኗ ታስሮ አብሯት ይሮጣል። ደንቡን ልብ በሉልኝ። አጋሩ ሊጎትታት አይችልም፣ መጨረሻውን መስመርም ቀድሟት ሊያልፍ አይችልም። እርዳታ ማለት ይኼ ነው። ከጎን ሆኖ፣ በእሷ ፍጥነት፣ ወደ ራሷ መስመር። ወርቁን ስታመጣ አጨበጨብን። ጎረቤታችን ስትሆን ግን «ምን ልታይ?» እንላለን።

አማራ ሳይንት ተወልዳ በ5 ዓመቷ ዓይነ ስውር የሆነችው የትነበርሽ ንጉሤስ? ሻሸመኔ ድረስ ሄዳ ተማረች፣ የሕግ ባለሙያ ሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኘች። ያኔ ቤተሰቧ «የት ትሄዳለች» ብሎ አስቀርቷት ቢሆንስ?

ሻሸመኔን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ለአባትየውም ይህንኑ አልኳቸው፦ «እርስዎ ይህችን ልጅ በ7 ዓመቷ ሻሸመኔ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብተዋታል። ያኔ ሕፃን ነበረች። ናይሮቢ እኮ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ሻሸመኔ በአውቶቡስ ከዚያ ይረዝማል።» ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ያኔም አልቅሼ ነው የመለስኩት እግሬን» አሉ።

አሁን ራሴን የምወቅስበት ቦታ ላይ ደረስኩ። እኔና አባቷ ይህን ሁሉ ስናወራ ልጅቷ ሁለት እርምጃ ርቃ ጀሪካን እየደረደረች ነበር። ያንን የትራንዚት ሠራተኛ ስረግም የኖርኩ ሰው፣ ስለ እሷ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ እሷ አወራሁ። ሰፈሩ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፣ «ምን አለሽ?» የሚል፣ በቀጥታ ለባለቤቷ የሚቀርብ። እኔ ግን እዚያው ቁጭ ብዬ አልጠየቅኳትም። አፍሬ ዞር አልኩና «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

«ቲቸር፣ መፍራቱን እኔም እፈራለሁ» አለች። «ግን እየፈራሁ መሄድ ነው የምፈልገው። አባዬም እየፈራ ይሸኘኝ።»

አባትየው ለጊዜው «እስቲ እናያለን» ብቻ ነው ያሉት። እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም።

ስለዚህ ሐሙስ ሳይደርስ ከእናንተ የምፈልገው ይህ ነው።

ዓይነ ስውር ሆናችሁ ብቻችሁን ውጭ የሄዳችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ አብረን ምን አለሽ ተራ እንሄዳለን። አባትየው ሕግ ከሚጠቅስ መምህር ይልቅ ሄዶ የተመለሰ ሰው ቢሰሙ ይሻላቸዋል።

በአየር መንገድ ወይም በትኬት ቢሮ የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ዓይነ ስውር ደንበኛ ሲመጣ «አሠራር» ከማለታችሁ በፊት የተጻፈውን አንብቡ። ትክክለኛውን ኮድ አስገቡ። ደግሞ አብሮት የመጣውን ሰው ሳይሆን እሱን ራሱን «ምን እንርዳህ?» በሉት።

ወላጆች ሆይ፣ ፍሩ፣ አልከለክላችሁም። ግን ልጆቻችሁን ኤርፖርት ድረስ እየፈራችሁ ሸኟቸው።

ለዚያ ቢሮ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። ሰኞ ጠዋት እኔና እሷ እንመጣለን። «ሕግ ነው» ያላችሁትን ወረቀት አዘጋጁልን። እኛ ማንበቢያውን ይዘን እንመጣለን።