እልፍኝ የገባው መነጽር

ዛሬ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋራ በሸገር ከተማ ሥር በምትገኘው በለገጣፎ ዘመዶቻቸው በአሜሪካና በአውሮጳ የሚኖሩ ቤተ ሰቦች አሉ። ከባሕር ማዶ ለበዓል የሚመጣ ዘመድ ቀድሞ ሽቶና ጫማ ያመጣ እንደ ነበረ ሁሉ፣ አሁን ደግሞ ልጆች አጥብቀው የሚመኙትን በራስ ላይ የሚታሰር መነጽር ይዞ ቢመጣ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ መነጽሩ ከመምጣቱ አስቀድሞ ጠባዩን ማወቅ ለወላጆች ይጠቅማል።

ባለሙያዎች ቅይጥ እውነታ ይሉታል። ሥራውም እንዲህ ነው፤ በመነጽሩ ፊት ያሉት ካሜራዎች ግድግዳውን፣ ወንበሩንና ጠረጴዛውን እያነሡ በዓይን ፊት በተተከለው ስክሪን ላይ ያሳያሉ፤ በዚያም ላይ በቤቱ ውስጥ የሌለውን ነገር ይጨምሩበታል። ስለዚህ ልጅ ከሳሎኑ ሳይወጣ ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ ሲዞሩ በምንጣፉ ላይ ሊያይ ይችላል። አሳቡ የትናንት አይደለም። አሜሪካዊው ሊቅ አይቫን ሰዘርላንድ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1968 በራስ ላይ የሚደረግ ማሳያ ሠርቶ ነበር፤ መሣሪያውም ከጣራ ጋራ ተያይዞ የተንጠለጠለ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ግን በመስከረም ሜታ ኩዌስት 3 በ500 የአሜሪካ ዶላር ያህል፣ በጥርም አፕል ቪዥን ፕሮ በ3,500 ዶላር ያህል ለገበያ ወጡ።

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። እኛ ይህን መነጽር እንዲህ ብለን ልንሰድበው አይገባንም፤ ጥቅም አለውና። ለምሳሌ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክተው መዝግበዋል። እንዲህ ያለው መዝገብ ለመነጽሩ ቢዘጋጅ፣ መንገድ የማይችሉ አረጋዊት እናት ከቤታቸው ተቀምጠው ቤተ ጊዮርጊስን ዙሪያውን ሊመለከቱ ይችላሉ።

ነገር ግን አንድ ብርቱ ነገር አለ። በቀድሞው ዘመን በነገሥታትና በመኳንንት ቤት እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹም ነበረ፤ ወደ እልፍኝ የሚገባውንና የማይገባውን የሚለይ እርሱ ነበር። ዛሬ ይህ መነጽር የሚከለክለው ሳይኖር እልፍኝ ይገባል። አፕል ቪዥን ፕሮ 12 ካሜራና 6 ማይክሮፎን አለው፤ ኩዌስት 3ም የክፍሉን ግድግዳና ዕቃ ይለካል። ይህ ከተንኮል የመጣ አይደለም፤ ቤቱን ካላየ ሊሠራ አይችልምና። ሆኖም ልጁ መነጽሩን አድርጎ ሲዘዋወር የታመሙት አያት በአልጋቸው ላይ፣ እናት ራሳቸውን ሳይሸፍኑ፣ ወይም አባት ከመሥሪያ ቤት ያመጡት ደብዳቤ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሊቀረጽ ይችላል፤ የተቀረጸውም በቅጽበት ወደ ሌላ አገር ሊላክ ይችላል። የቤት ሠራተኛም ገመና እንዳላት መዘንጋት አይገባም።

ኩባንያዎቹ መረጃ ስለ መጠበቅ ደንብ አላቸው፤ ደንቡን የሚለውጡት ግን ራሳቸው ናቸው። በአገራችንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ይሁን እንጂ አዋጅ በእያንዳንዱ ሰው እልፍኝ በር ላይ ሊቆም አይችልም፤ በዚያ የሚቆሙት አባወራውና እመቤቲቱ ናቸው።

ስለዚህ መነጽሩ በቤትዎ ቢገባ አስቀድመው ሥርዓት ያብጁለት። መጀመሪያ፣ ቦታው ሳሎን ብቻ ይሁን፤ ወደ መኝታ ቤትና ወደ ሥራ ጠረጴዛ አይለፍ። ሁለተኛ፣ ልጁ ከማብራቱ በፊት በክፍሉ ያሉትን ሰዎች ያስፈቅድ። ሦስተኛ፣ ኩዌስት 3 በሚቀርጽበት ጊዜ በፊቱ መብራት ስለሚበራ፣ ይህን ምልክት ለአያቶችም ለሠራተኞችም ያስረዱ። አራተኛ፣ ሜታ ከ10 ዓመት፣ አፕልም ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች መሣሪያቸውን አይፈቅዱምና፣ ሠሪው የከለከለውን ወላጅ አይፍቀድ። አምስተኛ፣ ማዕድ ሲቀርብና ቡና ሲፈላ መነጽሩ ይውለቅ።

ልጁም ይህን ሥርዓት እንደ ቅጣት እንዳይቈጥረው ምክንያቱን በፍቅር ይንገሩት፤ እርስዎም ስልክዎን ይዘው ያንኑ ሥርዓት ይጠብቁ። የአያቱን ገመና መሸፈን የተማረ ልጅ፣ ነገ በሹመት ሲቀመጥ የሕዝብን ምስጢር ለመጠበቅ አይቸገርም።